የጋቢናው በር ፈተና

ሰው በአፉ ይዋሻል፤ በር ሲዘጋ ግን አይዋሽም። ይህን እውነት ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከመኪናዬ ነው የተማርኩት።

መኪናዬ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ክልላችን ገና አዲስ የተቋቋመበት ጊዜ ነው። አሶሳ ውስጥ ቢሮ ከመኪና በዝቶ፣ በየበሩ የተሰቀለው ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሹሙ ወደ ወረዳ የሚወስደው ያጣል። ለእኔ ግን ሥራ ሞላልኝ። ዛሬ የጤና ሰዎችን ወደ ኩርሙክ፣ ነገ የትምህርት ሰዎችን ከነወንበራቸው ወደ መንጌ አደርሳለሁ። ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ገበሬ ነኝ። ማንበብንም፣ መንዳትንም፣ መፍታትና መግጠምንም በራሴ ነው የተማርኩት። በራሱ የተማረ ሰው ሁለት ጠባይ አለው፤ ዕቃውን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይወድም፣ ያወቀውንም ሳይጠየቅ ያስተምራል። ሁለቱም ነበሩብኝ። አሁንም አሉ።

የጋቢናው የተሳፋሪ በር አዝምሞ ነበር። በሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ማጠፊያዎች ተበልተዋል። በውስጣቸው የሚያልፈው ፒን መሐሉ ቀጥኗል፣ ክብ የነበረውም ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ጫፉ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ ሲዘጋ ደግሞ ምላሱ የሚነክሰውን ብረት አያገኝም። ያ ብረት በሩ የሚገጥምበት የጋቢናው ምሰሶ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው። እኔም ‘ለጊዜው’ ብዬ ብሎኖቹን አላላሁና እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አደረግሁት። በሩ ግን ከእሱም አልፎ ማጎንበሱን ቀጠለ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

በሩን ለመዝጋት ሥርዓት ነበረው። አንድ እጅ ከሥር ገብቶ ያነሣል፣ ጉልበት ደገፍ አድርጎ ይገፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ይህን ለማንም አስቀድሜ አልናገርም። መሪዬን ይዤ ተቀምጬ፣ የወረደው ሰው ምን እንደሚያደርግ በመስታወት አያለሁ። አዲስ የተሾመ ይደበድባል። ሂሳብ ሠራተኛ አንዴ ሞክሮ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ክፍቱን ትቶት ይሄዳል። አንድ የሰፈራ ጎረቤቴ ጭራሽ በሩን ፈርቶ በመስኮት መውጣት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሹም ደጋግሞ ደብድቦ ሲያቅተው፣ ላቡን እየጠረገ፣ “ይህ በር ምንድን ነው የሚፈልገው?” አለኝ።

“ጌታዬ፣ ሽማግሌ ነው” አልኩት። “በልመና እንጂ በግድ አይሆንለትም።”

ሚስቴ ሁልጊዜ፣ “ለምን አትጠግነውም? ሰው እኮ እየተሳቀቀ ነው” ትለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መጠገኛው በእጄ ነበረ። ከሰፈራው ጣቢያ ካረጀ ትራክተር የወጣ፣ ሰጪው በደስታ የሰጠኝ የነሐስ ቦኮላ በመሣሪያ ሳጥኔ ተቀምጧል። ቦኮላ ማለት ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት ነው። በልክ ሞርጄ ባስገባው በሩ ይቀና ነበር። ግን በሩ ከቀና ሰውን በምን ልመዝን?

እንዲህ ስኖር ለትልቋ ልጄ ሽማግሌ መጣ።

ልጄ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። የጠየቃትም እዚያው የሚያስተምር የመንጌ ልጅ፣ በብሔሩ በርታ ነው። አክብሮ ሽማግሌ ላከ። ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ በዚያ በኩል ነገር የለም። ከሰፈራ ጎረቤቶቼ ግን ‘ስለምን ከዚያ ሰፈር ጋር እንጋባለን?’ የሚሉ ነበሩ። እኔ እንደ እነሱ አላሰብኩም። ሲናገሩ ግን ዝም ብዬ ሰምቻቸዋለሁ፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ። ልጄ ለእናቷ ያለችውን ሚስቴ አድርሳኛለች፤ “እሱ ካልሆነ ሌላ አልፈልግም። አባቴን ጥሼም አልሄድም።” እንግዲህ የልጄ ዕድሜ ልክ በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አባት የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ይከብደዋል፤ ትንሽም ደስ ይለዋል።

በእኛ ባህል በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማቅለል ነው። ‘እናስብበት’ ብዬ ልመልሳቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌዎቹን የመራው የልጁ አጎት ነው። ጢሙ የነጣ፣ ዓይኑ የሚስቅ፣ በንግድ ኩርሙክ ሲመላለስ ያረጀ ሰው። በመኪናዬ ብዙ ጊዜ ተሳፍሯል፤ ያንን በርም ያውቀዋል።

“ያ አኺ፣ ወንድሜ” አለኝ፣ ማንጎ ዛፌ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ “ልጅህን ሰምተናል፣ ጥሩ ነው። ልጃችንም ጥሩ ነው። እንግዲህ ምን ቀረ?”

“ማሰብ ቀረ” አልኩ።

“አስብ። ግን ምክር ልስጥህ፤ ከልጅህ በፊት ያንን በርህን ዳረው። ቆሞ ቀር ሆኖብሃል!”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በእኔ በኩል የተቀመጡት ጎረቤቶቼም ሳቁ። ሚስቴም ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። በቤቴ፣ በመኪናዬ ሲሳቅ ምላሴ ቀደመኝ።

“እንግዲያው ልጃችሁ ይምጣ” አልኩ። “ያንን በር ማንም ሳይነግረው፣ ሳይደበድብ ከዘጋ ልጄን እሰጠዋለሁ።”

ይህን ያልኩት ሳቁን ለመመለስ ነበር። አጎትዬው ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞረ። “ሰምታችኋል?”

“ሰምተናል” አሉ፣ የእኔዎቹም ጭምር።

“ወላሂ፣ ይመጣል” አለና ተነሣ።

ሲሄዱ ሚስቴ ብቅ ብላ፣ “ልጃችንን ለበር አጫሃት ማለት ነው?” አለችኝ።

“ቃል ነው” አልኳት። “ቃል ከአፍ ከወጣ ወዲያ የአባትም አይደለም።”

በዚያው ሳምንት ለትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ አድርሼ ሳራግፍ፣ በመምህራን ቢሮ መስኮት በኩል ሳቅ ሰማሁና ቀና ብዬ አየሁ። ልጄ ቁም ሣጥን ፊት ቆማለች። ያ የጠየቃት መምህር እጅጌውን ጠቅልሎ የቁም ሣጥኑን የላላ በር ከሥር ይዟል። ሌሎች መምህራን ተደርድረው ያያሉ።

“አንሣ!” ትለዋለች። “ግፋ! ልቀቅ! ኧረ ቀስ፣ የመንግሥት ንብረት ነው!” ከዚያ የሌለ ጢሟን እየዳበሰች፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ “ሰው በአፉ ይዋሻል፣ ልጄ፣ በር ሲዘጋ ግን አይዋሽም” አለች።

መምህራኑ በሳቅ ፈረሱ። የእኔው ድምፅ፣ የእኔው አነጋገር፣ ሳሉ እንኳ የእኔው ነው። አንድ ነገር አልደብቅም፤ ቁጣዬ እስኪመጣ ድረስ ሳቄ ቀድሞ መጣ። ጠረጴዛውን አራግፌ ሳልታይ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን አሰላሰልኩት። ያጠና ሰው እና ያወቀ ሰው አንድ አይደሉም። እኔ የሰው ዓይን ለመመዘን ነበር ያልኩት፤ እነሱ ግን መልሱን አስጠኑት። የተሰረቀ ፈተና ይቀየራል። አስተማሪዎች ናቸው፤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ፈተናውን ለመቀየር መንገዱ አንድ ነበር፤ በሩን መጠገን። የቀናን በር የሚያነሣ ሰው ያጠናውን ይደግማል። አይቶ በጣቱ ገፋ የሚያደርገው ግን ዓይን አለው።

ልጄ ትምህርት ቤት በሄደችበት ቀን ከሰዓት በፊት መኪናዋን ከማንጎው ጥላ ሥር አቆምኩና ሚስቴን ጠራኋት።

“በሩን ያዢልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ማዪልኝ።”

“ምን ልትሠራ ነው?”

“ማጠፊያውን ልጠግን።”

ወደ ሰማይ አየች። “ይህን ሁሉ ዘመን ስለምንህ እምቢ ብለህ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?”

“ማዪ።”

ማለች። በሩን ከፍተን ከሥሩ የዕቃ ሳጥን አስገባሁ፣ በላዩ ክሪክ፣ በክሪኩ ላይ ቀለሙን እንዳይልጠው የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስ። በሩ ክብደቱን ለክሪኩ ሲሰጥ ፒኑ ይላላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው መዶሻ አንሥቶ ማጠፊያውን ይሰብራል። ሌሊቱን ናፍጣ አጠጥቼው ያደረውን ፒን ከሥር ወደ ላይ መታሁት። መጀመሪያ እንደ ግትር ተማሪ ዝም አለ፤ ከዚያ ጮኸና ወጣ። በእጄ ሳየው መሐሉ እንደ ተርብ ወገብ ቀጥኗል። ዙሪያውን ደግሞ እኔው በየጊዜው የጠቀለልኩበት የዘይት ጣሳ ቁራጭ ተፈርፍሮ ረገፈ።

“ይህ ነው ጥገናህ?” አለች ሚስቴ።

“በሩን ያዢ።”

ሞላላውን ቀዳዳ በክብ ሞረድ አስተካከልኩ፣ ቦኮላውን ሞረድኩ፣ ለካሁ፣ እንደገና ሞረድኩ። ጥሩ ቦኮላ በአውራ ጣት አይገባም፣ በመዶሻም አይጮህም፤ በእንጨት መታ መታ ሲደረግ እያጉረመረመ ይገባል። ከደህና ብሎን አዲስ ፒን ቆርጬ ግራሶ ቀባሁና ሰደድኩት። የታችኛውንም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ስሠራ በየደረጃው እየገለጽኩላት ነው፤ ለሚስቴ ሳላስተምር ብሎን ፈትቼ አላውቅም። እሷ በሩን እንደ ያዘች አንዴ ዓይኗን ወደ ምሰሶው ወረወረች።

“ስማ፣ ያን ጊዜ ዝቅ ያደረግኸው…”

“በሩን ያዢ አልኩሽ! ከያዝሽ ያዢ፣ ካወራሽ አውሪ።”

ያዘች። 

ክሪኩን ሳወርድ በሩ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደ አዲስ መኪና በር። ደስ ብሎኝ ስወዘውዘው ሙዓዚኑ ለዙህር፣ ለቀትሩ ጸሎት ጠራ። መሣሪያዬን ሰብስቤ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ ወደ መስጊድ ሄድኩ። አልዘጋሁትም። ጠጋኝ የሠራውን ሳይሞክር መሄድ የለበትም። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ!

በማግስቱ ዓርብ ከጸሎት በኋላ መጡ። ሙሽራ ከመፈቀዱ በፊት የሴቷን ደጃፍ መርገጡ ነውር ነው፤ ግን እኔው በአፌ ስለጠራሁት መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ነው። እንደ ደንቡ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሰፈሩ ሁሉ የቀርከሃ አጥሬን ተደግፎ ያያል። ልጄ ከቤት አልወጣችም፤ መጋረጃው ግን ነፋስ ሳይኖር ይንቀሳቀስ ነበር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ወደ ኋላ ቆምኩ። “እንግዲህ ዝጋ።”

ልጁ ቀረበ። አንድ እጁን ከሥር ሰደደ። ጉልበቱን አስጠጋ። አነሣ! በልቤ ‘ወደቅህ’ አልኩት። ሲያነሣ በሩ አልተነሣም፤ እሱ ራሱ ግራ ተጋብቶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እጁን ከሥር አወጣና ቀስ አድርጎ ገፋው። በሩ ሄደ፣ ብረቱን ነካ፣ ተመለሰ። እንደገና ገፋ። እንደገና ተመለሰ።

“በር እምቢ አለች” አለ አጎትዬው።

“በር እምቢ አይልም” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። “እንዲህ ነው የሚዘጋው።” ሄጄ በሁለት ጣት ገፋሁት። ተመለሰ። በመዳፌ ገፋሁት። ተመለሰ። ሳቅ መጣ፣ ከአጥሩ በኩል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ሹም የገሠጽኩ ሰው፣ በሩን በሙሉ ክንዴ ወረወርኩት። ጓ! ዶሮዎቹ ተበተኑ። በሩም እንደ ተበደለ ሰው እያወዛወዘ ተመልሶ ክርኔን መታኝ።

ከዚያ አጎትዬው፣ “አልሐምዱሊላህ” አለ። “አባትዬው ለራሱ ልጅ አልተፈቀደም።”

ሰፈሩ ፈረሰ። ሚስቴ ሻርፕዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች።

ሽማግሌዎቹን መንጌ ማድረስ ነበረብኝ፤ ቀኑም እየገፋ ነው። አንዱ፣ “በገመድ እንሰረው” ሲል፣ “መኪናዬ ፍየል አይደለችም!” አልኩ። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተጫኑ፣ አጎትዬው ጋቢናው መሐል ገባ። ልጁ ሳይነገረው ዳር ተቀመጠ፣ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ በሩን ከውጭ ጨብጦ ሳበው። “ይሂዱ አባባ” አለኝ። “ይዣታለሁ።”

የመንጌ መንገድ ያን ጊዜ ድንጋይና ጉድጓድ ነበር። ከተማውን እንደ ወጣን አንድ ጉድጓድ አነጠረን፤ ዓይኔም ወደ በሩ ሄደ። የበሩ ምላስ ከላይ ነው፣ ብረቱ ከታች። ያኔ ነው የገባኝ። ድሮ ዝቅ ያደረግሁትን ብረት መመለስ ረስቻለሁ። ላጎነበሰ በር ያወረድኩት ብረት ቀና ላለው በር እንዴት ይሁን? ከመቀመጫዬ ሥር ካቻቪቴ አለ። ቆሜ ሁለት ብሎን ባላላ፣ ከፍ ባደርገው፣ ባጠብቀው፣ ነገሩ አለቀ።

አልቆምኩም።

እስቲ እስከየት ይይዛል አልኩ። ይህ ክፋት ነው የሚለኝ ይኖራል። ፈተና ነው እላለሁ፤ ክፋት ሲማር ስሙ ፈተና ነው።

ልጁ ያዘ። በወንዙ ማቋረጫ ያዘ። በቁልቁለቱ ድንጋይ ላይ ጎማው ሲዘል፣ በሩ አንዴም ሳይመታ፣ አንዴም ሳይከፈት ያዘ። እጁ ሲዝል በሌላው እጁ ይቀይራል፣ ሲቀይርም ለአጎቱ ስለ ተማሪዎቹ ያጫውታል።

“ክንድህ አልደከመም?” አልኩት።

“ደህና ነው አባባ። መንገዱ ያጫውታል።”

“እኔ ግን ደከመኝ” አለ አጎትዬው። “በግራዬ አንድ ግትር፣ በቀኜ ሌላ ግትር። መሐል የተቀመጠ ምን ኃጢአት አለበት?”

መንጌ ደርሰን ሁሉም ወረዱ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አጎትዬው ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ ጠየቀኝ። “ያ አኺ፣ ቃል ቃል ነው። ልጁ በሩን ዘጋ ወይስ አልዘጋም?”

ማዳላት አልችልም። “አልዘጋም” አልኩ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ክንዱ በአቧራ ቀልቷል፤ ጣቶቹ የበሩን ቅርጽ እንደ ያዙ ቀርተዋል፣ አልዘረጋ ብለውታል። ይህን አይቼ የቀረውን እውነትም መናገር ነበረብኝ።

“አልዘጋም። ግን ከአሶሳ እስከዚህ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። የሚዘጋ በር ማንም ይዘጋል። ሽማግሌዎች፣ ለእሺታው በሥርዓቱ ተመለሱ።”

እልልታው ሲነሣ ልጁን ወደ መኪናዋ ወሰድኩት። ካቻቪቴውን ከወንበሩ ሥር አወጣሁ። ከእጄ ተቀበለኝና ሳልነግረው ቀጥታ ወደዚያ ብረት አጎነበሰ።

“ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“እርስዎ ሲገፉት አየሁት፣ አባባ። ምላሷ ከላይ ነው።”

“ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?”

“በሽማግሌ ፊት የእርስዎን በር ላርም?”

“መንገድ ላይስ?”

ፊቱን ወደ ብሎኑ አዞረ፤ ጉንጩ ግን ይስቅ ነበር። “መንገድ ላይ እርስዎም አውቀውት ነበር። ጉድጓዱ ላይ አይተው ፈገግ አሉ። እስከየት እንደሚያስይዙኝ ልይ ብዬ ነው።”

እንግዲህ በዚያ ሁሉ መንገድ ማን ማንን ሲፈትን እንደነበረ አላህ ይወቅ። ብረቱን ከፍ አድርጎ አጠበቀ። ከዚያ በሩን ሊዘጋ እጁን ከሥር ሰደደ።

“አታንሣ!” አልኩት። በጣቱ ገፋው። ቀጭ አለ።

መሸት ሲል ቤት ተመለስኩ። ሚስቴ ደጅ ቆማ፣ “ታዲያ ያን ብረት ማን አነሣው?” አለችኝ።

“አንቺ ታውቂ ነበር ለካ!”

“ልነግርህ ስል ‘በሩን ያዢ’ አልከኝ። ያዝኩ።”

ልጄ ከበስተኋላዋ ናት። ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ፊቴን ብቻ ታነባለች። ፊቴ ደግሞ ለማንም የማይነበብ ፊት ነው። በሩን ከፈትኩና በአንድ ጣት ዘጋሁት። ቀጭ።

“አባዬ፣ ተጠገነ?”

“ተጠገነ። የመምህራን ቢሮ ቁም ሣጥን በርም ላልቷል አሉ። ከሠርጉ በፊት እሱንም መጠገን አለብኝ።” ጢሜን ዳበስኩ። “አንሣ። ግፋ። ልቀቅ። ኧረ ቀስ፣ የመንግሥት ንብረት ነው።”

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ በቢሮው መስኮት እንደ ሰማኋትም፣ ‘ሠርግ’ እንዳልኩም ገባት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ቤት ሮጠች። የቤቱን በር ከኋላዋ ጓ አድርጋ ደበደበችው። ያን ቀን ብቻ አልተቆጣሁም።